የድረሱልኝ ጥሪው ከየት ነው? በእጅ ስልክ ርዳታ የሚጠራን ሰው ቦታ የማወቅ ግዴታ በሕግ ዓይን

በመስከረም 2013 በሊቱዌኒያ አንዲት የ17 ዓመት ልጃገረድ ታግታ በመኪና የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ተቆለፈባት። ስልክ ነበራት። ወደ አደጋ ጊዜ ቁጥሩ ወደ 112 ዐሥር ጊዜ ያህል ደውላ የድረሱልኝ ጥሪ አሰማች። የጥሪ ማዕከሉ መሣሪያ ግን የደወለችበትን ስልክ ቁጥር አላሳየም፤ በዚህም ምክንያት ያለችበትን ቦታ ለይቶ ማወቅ አልተቻለም። ርዳታ ሳይደርስላት ተገደለች። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቤተሰቦቿ የአገራቸውን መንግሥት ከሰሱ። ክርክሩ መቀመጫው ሉክሰምበርግ ወደሆነው የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ደርሶ በ2019 ብይን ተሰጠበት። ለችሎቱ የቀረበው ጉዳይ በሁለት አጫጭር ጥያቄዎች ሊጠቃለል ይችላል። አንድ ሰው በእጅ ስልኩ ርዳታ ሲጠራ የት እንዳለ የማወቅ ኃላፊነት የማን ነው? ቦታውስ ምን ያህል በትክክል መታወቅ አለበት?

በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ ዛሬ አብዛኛው የአደጋ ጊዜ ጥሪ የሚመጣው ከእጅ ስልክ ነው። ደዋዩ ያለበትን የማያውቅ መንገደኛ፣ መናገር ያቃተው ሕመምተኛ ወይም የአገሩን ቋንቋ በቅጡ የማይችል ስደተኛ ሊሆን ይችላል። ይህ ማብራሪያ ስልክ ያለበት ቦታ እንዴት እንደሚታወቅ፣ አሜሪካና አውሮፓ ምን ዓይነት ደንብ እንዳወጡ፣ ከዚህ ልምድም ለምሥራቅ አፍሪካ ምን እንደሚገኝ ይመለከታል።

ከቤት ስልክ ወደ እጅ ስልክ

የአሜሪካው የአደጋ ጊዜ ቁጥር 911 ለመጀመሪያ ጊዜ የተደወለው በየካቲት 1968 በአላባማ ግዛት፣ ሄሊቪል በምትባል ትንሽ ከተማ ነበር። በዚያ ዘመን ስልክ ማለት ከግድግዳ ጋር በሽቦ የተያያዘ ዕቃ ነበር። በኋላ የደዋዩን ቁጥር ለይቶ የሚያሳይ ሥርዓት ሲዘረጋም የስልክ ድርጅቱ መዝገብ ቁጥሩን ከቤቱ አድራሻ ጋር አያይዞ ስለያዘ፣ ደዋዩ አንድም ቃል ሳይተነፍስ አምቡላንስ ወደ ደጁ ሊላክ ይችል ነበር።

የእጅ ስልክ ይህን ትስስር በጠሰው። መዝገቡ ስልኩ የማን እንደሆነ ይናገራል እንጂ ባለቤቱ በዚያች ደቂቃ የት እንዳለ አይናገርም። ስለዚህ ቦታው ጥሪው በተደረገበት ቅጽበት እንደ አዲስ መፈለግ ይኖርበታል።

ስልክ ያለበት ቦታ የሚታወቅባቸው መንገዶች

የመጀመሪያውና ቀላሉ መንገድ ጥሪውን የተቀበለው የኔትወርክ ማማ የትኛው እንደሆነ ማየት ነው። ይህ ለማንኛውም ዓይነት ስልክ ይሠራል። ጉድለቱ ስፋቱ ነው። ማማዎች በተቀራረቡበት ከተማ ውጤቱ በመቶዎች ሜትር ሊወሰን ይችላል፤ በገጠር ግን ብዙ ኪሎ ሜትር ይሆናል። በሁለተኛው ትውልድ ኔትወርክ አንድ ማማ እስከ 35 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለን ስልክ ሊያስተናግድ ይችላል።

ሁለተኛው መንገድ የስልኩ ምልክት ከተለያዩ ማማዎች ጋር ለመገናኘት የሚወስድበትን ጊዜ በማነጻጸር ቦታውን ማስላት ነው። ሦስተኛው ጂፒኤስን የመሰሉ የሳተላይት ሥርዓቶች ናቸው። ሰማይ በሚታይበት ሜዳ በጥቂት ሜትር ልዩነት ቦታን ያመለክታሉ፤ በሕንፃ ውስጥ ግን ምልክታቸው ይዳከማል። አራተኛው በአካባቢው ያሉ የዋይፋይ መሣሪያዎችን ለይቶ ቀድሞ ከተመዘገበ ካርታ ጋር ማስተያየት ነው። ይህ ሳተላይት በማይደርስበት በሕንፃ ውስጥ ይጠቅማል፤ ዋይፋይ በሌለበት ገጠር ግን ፋይዳ የለውም።

የሜትሮቹ ልዩነት ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ስፋታቸውን ማስላት ይበቃል። ስህተቱ 50 ሜትር ከሆነ ፍለጋው የሚካሄድበት ክብ ስምንት ሺህ ካሬ ሜትር ገደማ ነው። 300 ሜትር ከሆነ ወደ 28 ሄክታር ይሰፋል። 5 ኪሎ ሜትር ከሆነ ደግሞ ከ78 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። የስህተቱ ርቀት እጥፍ ሲሆን የሚፈለገው መሬት አራት እጥፍ ይሆናል።

አሜሪካ፦ በሜትርና በመቶኛ የተጻፈ ግዴታ

የአሜሪካ ፌዴራል የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን፣ በአጭር መጠሪያው ኤፍሲሲ፣ የመጀመሪያውን ደንብ ያወጣው በ1996 ነው። ደንቡ ሁለት ደረጃዎች ነበሩት። በመጀመሪያው ኩባንያዎች የደዋዩን ቁጥርና ጥሪውን የተቀበለውን ማማ ለአደጋ ጥሪ ማዕከል እንዲያሳውቁ ታዘዙ። በሁለተኛው ደረጃ ደግሞ የደዋዩን ኬክሮስና ኬንትሮስ እንዲልኩ ተደነገገ።

በ1999 መለኪያው ተስተካከለ። በስልኩ ላይ ባለ መሣሪያ የሚጠቀሙ ኩባንያዎች 67 በመቶ በሚሆኑት ጥሪዎች ከ50 ሜትር ያልበለጠ፣ 95 በመቶ በሚሆኑት ደግሞ ከ150 ሜትር ያልበለጠ ስህተት ብቻ ተፈቀደላቸው። በኔትወርክ ስሌት ለሚጠቀሙት ልኩ 100 እና 300 ሜትር ሆነ።

እነዚህ ቁጥሮች ሲነበቡ ጥብቅ ይመስላሉ። ሆኖም 67 በመቶ ማለት ከሦስት ደዋዮች አንዱ ከዋናው መለኪያ ውጭ ሊቀር ይችላል ማለት ነው። ከዚህም በላይ ደንቡ ትኩረቱን ያደረገው ከቤት ውጭ በሚደረጉ ጥሪዎች ላይ ነበር። ሕዝቡ የቤት ስልኩን እየተወ ከሳሎኑና ከመኝታ ክፍሉ በእጅ ስልክ መደወል ሲጀምር ደንቡና ኑሮው ተራራቁ።

ኮሚሽኑ በ2014 ደንቡን ለማሻሻል ሲነሣ፣ የርዳታ ሰጪዎች መድረሻ ጊዜ በአንድ ደቂቃ ቢያጥር በየዓመቱ ከ10 ሺህ በላይ ሰዎች ሕይወት ሊተርፍ እንደሚችል ገምቶ ነበር። በጥር 2015 የጸደቀው አዲስ ደንብ በቤት ውስጥ የሚደረጉ ጥሪዎችንም አካተተ። ኩባንያዎች ከጠቅላላው የእጅ ስልክ የአደጋ ጥሪ በሁለት ዓመት ውስጥ ለ40 በመቶው፣ በስድስት ዓመት ውስጥ ደግሞ ለ80 በመቶው በ50 ሜትር ውስጥ ያለ ቦታ ወይም ርዳታ ሰጪን በቀጥታ መላክ የሚያስችል አድራሻ እንዲያቀርቡ ተገደዱ።

ከመቶኛው ባልተናነሰ አስፈላጊ የነበረው የማረጋገጫው ሥርዓት ነው። ኩባንያዎች በሳን ፍራንሲስኮ፣ በቺካጎ፣ በአትላንታ፣ በዴንቨር አካባቢ፣ በፊላዴልፊያና በማንሃተን ከሚደረጉ እውነተኛ ጥሪዎች የተገኘ መረጃ እንዲያቀርቡ ተደረገ። የሚለካው ከሌለ በሜትር የተጻፈ ግዴታ ከምኞት አያልፍም።

ስንተኛው ፎቅ?

ኬክሮስና ኬንትሮስ ትክክል ሆነው ርዳታ ሰጪው አሁንም ሊጠፋው ይችላል። ባለ 30 ፎቅ ሕንፃ በካርታ ላይ አንድ ነጥብ ነው። የልብ ሕመምተኛው በሦስተኛው ፎቅ ይሁን በሃያ ሦስተኛው ነጥቡ አይናገርም።

ለዚህም ሲባል ኤፍሲሲ በኅዳር 2019 ተጨማሪ መለኪያ አወጣ። ከፍታን መለካት በሚችሉ ስልኮች ከሚደረጉ ጥሪዎች 80 በመቶ ለሚሆኑት የከፍታው ስህተት ወደ ላይም ሆነ ወደ ታች ከ3 ሜትር እንዳይበልጥ የሚያዝዝ ነው። ብዙ ዘመናዊ ስልኮች የአየር ግፊት መለኪያ ስላላቸው ከፍታን መገመት ይችላሉ። የመጀመሪያው የጊዜ ገደብ ሚያዝያ 2021 ሲያልፍ ግን ሦስቱ ታላላቅ ኩባንያዎች ኤቲ ኤንድ ቲ፣ ቲ-ሞባይልና ቬራይዘን ከኮሚሽኑ ጋር በስምምነት ጉዳዩን ቋጩ። እያንዳንዳቸው 100 ሺህ ዶላር ከፈሉ፤ ያላቸውን የከፍታ መረጃም በመላ አገሪቱ ማቅረብ እንዲጀምሩ ተስማሙ።

አንድ ችግር ግን በዚህም አልተፈታም። የሚላከው ከፍታ የሚለካው ከምድር ቅርጽ የሒሳብ ሞዴል ተነሥቶ ነው። እሳት አደጋ ተከላካዩ የሚፈልገው ደግሞ የፎቁን ቁጥር ነው። ሜትሩን ወደ ፎቅ ቁጥር ለመቀየር የመሬቱ ከፍታና የሕንፃው አሠራር መታወቅ አለባቸው።

ጥሪው ለየትኛው ማዕከል መድረስ እንዳለበትም ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። በሁለት አስተዳደሮች ወሰን ላይ ያለ ሰው ሲደውል ጥሪውን የሚቀበለው ከወሰኑ ማዶ ያለ ማማ ሊሆን ይችላል። በዚያ ጊዜ ጥሪው መንገዱን ወደማያውቅና የራሱን አምቡላንስ ወደዚያ ለመላክ ሥልጣን ወደሌለው ማዕከል ይሄዳል፤ እንደገና እስኪዛወር ድረስም ጊዜ ይባክናል። ኤፍሲሲ በጥር 2024 ባወጣው ደንብ፣ የስልኩ ቦታ በ165 ሜትር ውስጥ በ90 በመቶ እርግጠኝነት ከታወቀ ጥሪው የሚመራው በማማው ሳይሆን በስልኩ ቦታ እንዲሆን አዘዘ።

አውሮፓ፦ ስልኩ ራሱ የሚልከው መልእክት

የአውሮፓ አገራት 112ን የጋራ የአደጋ ጊዜ ቁጥር ለማድረግ የወሰኑት በ1991 ነው። በ2002 የወጣው መመሪያ የደዋዩን ቦታ ለአደጋ ማዕከላት ማሳወቅን ቴክኒክ በፈቀደ መጠን ግዴታ አደረገ። ይሁን እንጂ በሜትር የተወሰነ መለኪያ አላስቀመጠም፤ ያንን ለአባል አገራት ተወው። ብዙዎቹም ለዓመታት በማማ መረጃ ብቻ ረክተው ቆዩ።

ለውጡ የመጣው ከአንድ ቀላል ሐሳብ ነው። ስልኩ ለታክሲ ጥሪ ወይም ለካርታ ሲሆን ቦታውን በትክክል የሚያውቅ ከሆነ፣ ለአደጋ ጥሪስ ለምን አይናገርም? በ2014 በብሪታኒያ የስልክ ኩባንያው ቢቲ ከአጋሮቹ ጋር የሞከረው ሥርዓት በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው። ሰውየው የአደጋ ጊዜ ቁጥሩን ሲደውል ስልኩ የሳተላይትና የዋይፋይ መቀበያውን በራሱ ይከፍታል፤ ባለቤቱ ዘግቶት ቢሆን እንኳ። ከዚያም ከ20 እስከ 25 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ያገኘውን የተሻለ ቦታ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ለማዕከሉ ይልካል። ጉግል አሠራሩን በ2016 በአንድሮይድ ስልኮች ላይ አስገባ፤ አፕልም በ2018 ተከተለ። ደዋዩ ምንም መተግበሪያ መጫን አያስፈልገውም።

ሕጉ ከዚህ በኋላ ቴክኒኩን ተከተለ። በ2018 የወጣው የአውሮፓ የኤሌክትሮኒክ ኮሙኒኬሽን ሕግ አባል አገራት የኔትወርኩን ብቻ ሳይሆን ከስልኩ የሚገኘውንም የቦታ መረጃ ለአደጋ ማዕከላት እንዲያደርሱ አዘዘ፤ ለዚህም እስከ ታኅሣሥ 2020 ጊዜ ሰጠ። አገልግሎቱ ለደዋዩም ለማዕከሉም ያለ ክፍያ እንዲሆን ደነገገ። ከመጋቢት 2022 ጀምሮ ደግሞ በኅብረቱ ገበያ የሚቀርቡ ዘመናዊ ስልኮች የሳተላይትና የዋይፋይ መረጃን ለአደጋ ጥሪ ማቅረብ መቻል አለባቸው። በዚህም ግዴታው ከቴሌኮም ኩባንያው አልፎ ወደ ስልክ አምራቹ ደረሰ። በ2023 የታተመ ተጨማሪ ደንብ አባል አገራት ትክክለኛነትን በሜትር፣ አስተማማኝነትን በመቶኛ እንዲወስኑ አድርጓል።

የሉክሰምበርጉ ብይን

ወደ ሊቱዌኒያዋ ልጃገረድ ጉዳይ እንመለስ። የተጠቀመችበት ስልክ ሲም ካርድ ይኑረው አይኑረው ማረጋገጥ አልተቻለም ነበር። ነገሩ ወሳኝ የሆነው ሲም የሌለው ስልክ ወደ አደጋ ጊዜ ቁጥር መደወል ቢችልም የተመዘገበ ባለቤትና ቁጥር ስለሌለው ነው። በዚህ ምክንያት ጀርመንን የመሰሉ አገራት የሐሰት ጥሪ ሲበዛባቸው ሲም ከሌለው ስልክ የሚመጣን ጥሪ እስከ መከልከል ደርሰዋል።

ፍርድ ቤቱ መስከረም 5 ቀን 2019 በሰጠው ብይን ሦስት ነገሮችን ግልጽ አደረገ። አንደኛ፣ ወደ 112 የሚደረግ ጥሪ ሲም ከሌለው ስልክ ቢመጣም፣ ቴክኒክ እስከፈቀደ ድረስ የደዋዩን ቦታ ለማዕከሉ የማሳወቅ ግዴታ በመንግሥት ላይ ይጸናል። ሁለተኛ፣ አገራት የትክክለኛነትን መለኪያ የመወሰን ነፃነት አላቸው፤ ነገር ግን መለኪያው ርዳታ ሰጪዎች ለደዋዩ በሚጠቅም አኳኋን እንዲደርሱለት የሚያስችል መሆን አለበት። ሦስተኛ፣ በአገሩ ሕግ በባለሥልጣን ጥፋትና በደረሰው ጉዳት መካከል ያለ ተዘዋዋሪ ግንኙነት ለመንግሥት ተጠያቂነት በቂ ከሆነ፣ ይኸው መመዘኛ የኅብረቱ ሕግ ሲጣስም ያገለግላል።

ሁለተኛው ነጥብ ለመላው ጉዳይ መለኪያ ይሆናል። በዚህ አነጋገር ትክክለኛነት የሚመዘነው በካርታ ላይ ባለው ነጥብ ውበት ሳይሆን፣ ርዳታ ሰጪው ሰውየውን በጊዜ ለማግኘት በመቻሉ ነው።

ለማዳን የተሰበሰበ መረጃ

ሰውን በ50 ሜትር ውስጥ የሚያገኝ ሥርዓት ለአዳኝም ለአሳዳጅም ሊያገለግል ይችላል። ለዚህም ነው ደንቡ የመረጃውን ትክክለኛነት ብቻ ሳይሆን አጠቃቀሙንም መገደብ ያለበት። በአውሮፓ ሕግ፣ ባለቤቱ ቦታው እንዳይታወቅ ቢከለክል እንኳ ክልከላው ለአደጋ ጥሪ ሲባል ሊታለፍ ይችላል፤ ልዩ ፈቃዱ ግን ለርዳታ ሥራ የተሰጠ ነው። የብሪታኒያውን ፈለግ በተከተለው ሥርዓትም ስልኩ ቦታውን የሚልከው ጥሪው ሲደረግ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ መቀበያው ወደ ነበረበት ሁኔታ ይመለሳል።

አደጋው የምናብ ብቻ እንዳልሆነ ከአሜሪካ የመጣ ምሳሌ ያሳያል። ኤፍሲሲ በሚያዝያ 2024 ታላላቅ የስልክ ኩባንያዎች የደንበኞቻቸውን የቦታ መረጃ ያለ ፈቃድ ለሌሎች አሳልፈው ሰጥተዋል በሚል በድምሩ ወደ 200 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ቅጣት ጣለባቸው። ኩባንያዎቹ ቅጣቱን በፍርድ ቤት ተከራክረውበታል፤ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ችሎቶችም የተለያየ ብይን ሰጥተዋል።

ምሥራቅ አፍሪካ፦ ካርታው ላይ ያልሰፈረ ደጅ

በአዲስ አበባ፣ በናይሮቢም ሆነ በካምፓላ አድራሻ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው በምልክት ነው። “ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከወፍጮ ቤቱ አለፍ ብሎ፣ ሰማያዊው የቆርቆሮ በር” ማለት ለሰፈሩ ሰው በቂ ነው። ለአምቡላንስ ሾፌር ግን፣ በተለይ በሌሊት፣ ከዚህ የበለጠ ያስፈልገዋል። የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር በቅጡ በማይሠራበት አገር ከስልኩ የሚመጣ የቦታ መረጃ ከሌላው ዓለም ይልቅ ዋጋው ከፍ ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት መረጃ እንደሚያሳየው ከሕዝብ ብዛት አንጻር የመንገድ አደጋ ሞት ከሁሉም የከፋው በአፍሪካ ነው፤ አደጋው የሚደርሰውም ብዙ ጊዜ ስም በሌለው የገጠር መንገድ ላይ ነው።

ሕግ አውጪዎች ግን ከሌሎች የተለየ ሁኔታ ይጠብቃቸዋል። የመጀመሪያው የቁጥሮች መብዛት ነው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በ2008 ባወጣው ምክረ ሐሳብ የአደጋ ጊዜ ቁጥር የሚመርጡ አገራት 112ን ወይም 911ን እንዲይዙ መክሯል። በኬንያ 999፣ 112 እና 911 ያገለግላሉ። በሩዋንዳ ፖሊስ 112፣ አምቡላንስ 912 ነው። በኢትዮጵያ ፖሊስ በ991፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ደግሞ በ939 ይጠራሉ። ቁጥሮቹ ከተለያዩ ተቋማት ጋር የተያያዙ ሲሆኑ የቦታው መረጃ ለየትኛው ይድረስ፣ ማንስ ለማን ያስተላልፈው የሚለው በደንብ መወሰን አለበት።

ሁለተኛው የስልኩ ዓይነት ነው። በርካታ የአካባቢው ነዋሪዎች የሚጠቀሙት የሳተላይት መቀበያ በሌለው ቀላል ስልክ ነው። ለእነዚህ ሰዎች የማማ መረጃ ብቸኛው አማራጭ ነው። ደንቡ ዘመናዊ ስልክ የያዘውን ብቻ ካሰበ ገጠሬውን ወደ ኋላ ይተወዋል። በአንጻሩ የስልኩ ቦታ በአጭር የጽሑፍ መልእክት መላኩ ኢንተርኔት በሌለበትም ስለሚሠራ ለአካባቢው ይስማማል።

ሦስተኛው የኩባንያዎች መብዛት ነው። ኢትዮጵያ በ2019 ባወጣችው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148 ራሱን የቻለ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን አቋቁማለች፤ ሳፋሪኮምም በጥቅምት 2022 አገልግሎቱን በይፋ ሲጀምር ገበያው ከአንድ ድርጅት እጅ ወጥቷል። ከአንድ በላይ ኩባንያ ባለበት ገበያ ደዋዩ የማንንም ሲም ቢይዝ እኩል ሊገኝ የሚችለው፣ መለኪያው ሁሉንም የሚያስገድድ ሲሆን ነው። የግል መረጃ ጥበቃን በተመለከተ ኬንያና ኡጋንዳ በ2019፣ ሩዋንዳ በ2021፣ ታንዛኒያ በ2022፣ ኢትዮጵያ ደግሞ በ2024 ሕግ አውጥተዋል። የአደጋ ጥሪ ደንብ ሲዘጋጅ ከእነዚህ ሕጎች ጋር መጣጣም ይኖርበታል።

ከሁሉም በላይ ቦታው ከታወቀ በኋላ የሚላክ ተሽከርካሪ መኖር አለበት። በታንዛኒያ ኤም-ማማ የተባለው አገልግሎት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ምጥ የጠናባት እናት ወይም የጤና ባለሙያዋ ወደ 115 ስትደውል፣ አምቡላንስ በአቅራቢያ ከሌለ ማዕከሉ በዚያው አካባቢ ያለ ቀድሞ የተመዘገበ ባለመኪና ይልካል። መንገዱን የሚያውቅ ሾፌር፣ ካርታው ያልያዘውን ደጅ ያገኘዋል።

በስደት ላሉ ደዋዮች

የደንቡ ጥቅም ይበልጥ ጎልቶ የሚታየው ቋንቋ ሲያግድ ነው። በዋሽንግተን ዲሲ በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማው ተቋማት እንግሊዝኛ ለማይችሉ ነዋሪዎች አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያዝዛል፤ አማርኛም በዋነኛነት ከሚያገለግሉት ቋንቋዎች አንዱ ነው። አስተርጓሚው እስኪገናኝ ድረስ ግን ጊዜ ያልፋል። የቦታው መረጃ ቀድሞ ከደረሰ ርዳታው በዚያ መሐል ጉዞ ሊጀምር ይችላል። በባሕረ ሰላጤው አገራት በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ፣ የመንገዱን ስም እንኳ ነግሯት የማያውቅ አሠሪ ያላት ሴትም ብትደውል ከአንደበቷ ይልቅ ስልኳ ቦታውን ሊያስረዳላት ይችላል።

መደወል ሲያጋጥም

ሕጉም ሆነ ቴክኖሎጂው የደዋዩን ድርሻ አላስቀሩም። ከየትኛውም አገር ቢደወል የሚከተሉት ይጠቅማሉ።

ከሁሉ አስቀድሞ ያሉበትን ቦታ ይናገሩ። መስመሩ ቢቋረጥ እንኳ ጥሪ ተቀባዩ አንድ የሚይዘው ነገር ያገኛል።

በፎቅ ላይ ከሆኑ የሕንፃውን ስም፣ የፎቁንና የበሩን ቁጥር ይጥቀሱ።

በመንገድ ላይ ከሆኑ ከየት ወዴት ይጓዙ እንደነበር፣ መጨረሻ ያለፉትን ከተማ፣ ድልድይ ወይም የኪሎ ሜትር ምልክት ይግለጹ።

ስልክዎ የካርታ አገልግሎት ካለው በላዩ የሚታየውን የኬክሮስና የኬንትሮስ ቁጥር ያንብቡ።

ፈቃድ ሳያገኙ ስልኩን አይዝጉ። ስልኩ የተሻለ ቦታ ለማግኘት ሰከንዶች ያስፈልጉታል፤ ማዕከሉም መልሶ ሊደውልልዎ ይችላል።

በስህተት ደውለው ከሆነ ደንግጠው አይዝጉት፤ ስህተት መሆኑን ይናገሩ። አለዚያ ርዳታ የሚሻ ሰው አለ ተብሎ፣ ለሌላ ሰው መድረስ የነበረበት አምቡላንስ እርስዎን ፍለጋ ሊሰማራ ይችላል።